«ሳይገባኝ እሺ ብዬ ወጣሁ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ወንድ ልጅ ወለድኩ። በሦስተኛው ቀን ሰውነቱ ቢጫ ሆነና ዓይኑን ሸፍነው፣ በዳይፐር ብቻ፣ ሰማያዊ መብራት ስር አስተኙት። ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበር ያስተረጎመችልኝ የ11 ዓመት ልጄ ናት። «እማዬ፣ ደሙ ውስጥ የሆነ ነገር በዝቷል፣ ጭንቅላቱን ሊጎዳው ይችላል አሉ» ብላኝ አለቀሰች። እኔም ደንግጬ ሐኪሟን እሺ እሺ ብቻ አልኳት። ስንወጣ ደግሞ ልጄ «ነገ ስምንት ሰዓት ለደም ምርመራ አምጪው ብለዋል» ስትለኝ ከምሳ በኋላ መስሎኝ በስምንት ሰዓት ሄድኩ። ለካ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር! ለልጇ የማትጨነቅ እናት አስመሰሉኝ። ልጁ እግዚአብሔር ይመስገን ተሽሎታል፣ ግን ቀጠሮ በመጣ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። አስተርጓሚ ብጠይቅ ያስከፍሉኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!

አያስከፍሉሽም። አንዲት ሳንቲም አትከፍዪም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል፣ ማለትም ሜዲኬድና ሜዲኬር የሚባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች የሚቀበለው ሁሉ፣ እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚም ሆነ ለሕፃን ወላጅ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። መነሻው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው፣ የ2010ሩ የጤና ሕግ ደግሞ አጠናክሮታል። አስተርጓሚ ይዘሽ ነይ ሊሉሽም አይችሉም። ልጅን ማስተርጎም ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በቀር የተከለከለ ነው። ስለዚህ ያን ቀን የተሳሳተችው ልጅሽም አይደለችም፣ አንቺም አይደለሽም። ስልክ አንስተው አስተርጓሚ መጥራት የነበረባቸው እነሱ ናቸው።

እኔ በሆስፒታል አስተርጓሚነት ስሠራ በጣም ያሳሰበኝ ይሄው የእኛ «እሺ» ነበር። ሐኪም ፊት ደጋግሞ መጠየቅ ነውር ይመስለናል፣ ሰው ማስቸገር ይመስለናል፣ ስለዚህ አንገታችንን እንነቀንቃለን። ሐኪሟ ደግሞ ገብቷታል ብላ ወደሚቀጥለው ክፍል ትሄዳለች።

ልጅሽ የነገረችሽ ውሸት አልነበረም፣ ግን ግማሹ ነበር፣ ያውም የሚያስፈራው ግማሽ። ቀሪው ይኸውልሽ። ሕፃን ሲወለድ ቀይ የደም ሴሎቹ ሲሰባበሩ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይፈጠራል። ጉበቱ ገና ስላልጠነከረ ቶሎ አያስወግደውም፣ ስለዚህ ቆዳውና የዓይኑ ነጭ ቢጫ ይሆናል። ብዙ ሕፃናት ላይ የሚታይ ነገር ነው። መጠኑ በጣም ካለፈ ግን አንጎልን ሊጎዳ ይችላል፤ መብራቱ የሚበራለት እንዳይጎዳው ነው። ብርሃኑ ቢሊሩቢኑን በሽንትና በሰገራ እንዲወጣ አድርጎ ይቀይረዋል፣ ዓይኑን የሸፈኑትም ከብርሃኑ ለመጠበቅ ነው። አገር ቤት «የወፍ በሽታ» ሲባል ትልቅ ሰው ላይ የሚታየው የጉበት በሽታ ስለሚታሰበን እንደነግጣለን፣ የጨቅላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ የተለየ ነው። አራስ ጠያቂዎችሽ «ፀሐይ አሙቂው» ይሉሽ ይሆናል። ፀሐይ የዚያን መብራት ቦታ አይተካም፣ ለስላሳ ቆዳውንም ያቃጥላል። ይልቅ ጡት ቶሎ ቶሎ አጥቢው፣ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ። ደግሞ አሁን ሦስት ሳምንት ሆኖታልና ዓይኑ ወይም ቆዳው ዛሬም ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ሰገራው ከነጣ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ደውይላቸው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ቀጠሮ ስትይዢ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በያቸው፣ ይቺው ትበቃለች። ፋይልሽ ላይ እንዲጽፉትም ጠይቂ፣ አለዚያ በየጊዜው እንደ አዲስ ልትጠይቂ ነው። አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በስልክ ወይም በታብሌት ነው። ድምፁ ካልተሰማሽ ወይም አማርኛው ካልገባሽ ይቀየርልኝ በይ፣ ማንም አይቀየምሽም። አንዳንድ እናቶች «ያገሬ ሰው ነው፣ ጉዳዬን ያወራብኛል» ብለው አስተርጓሚ አንፈልግም ይላሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሁላችንም እንተዋወቃለን። ግን ሚስጥር መጠበቅ የሥራው ግዴታ ነው፣ በስልክ የሚያስተረጉምልሽም ሌላ ስቴት ያለ ሰው ሊሆን ይችላል።

ባለቤትሽ እንግሊዝኛው ጥሩ ቢሆንም ፊርማ ያለበትን ነገር ለእሱ ብቻ አትተዪ። አባት ክፉ ወሬ ሲሰማ ያለዝበዋል፣ ሚስቱ እንዳትደነግጥ ብሎ ነው፣ ግን አንቺ ሁሉንም መስማት አለብሽ። ሐኪሟ ስትጨርስም «እኔ የገባኝ እንዲህ ነው» ብለሽ መልሰሽ ንገሪያት፣ የተዛባው እዚያው ይስተካከላል።

ሰዓቱን ደግሞ ጠዋት ነው ከሰዓት ብለሽ ለይተሽ ጠይቂ፣ ወረቀት ላይም አጽፊ። አሜሪካ ያደገ ልጅ ስምንት ሰዓት ሲልሽ የፈረንጁን ነው የሚነግርሽ፣ አንቺ የምትሰሚው የሀበሻውን ነው። መካከሉ 6 ሰዓት ነው! ሙቀት ላይም እንዲሁ ነው። እኛ በሴልሺየስ 38 የምንለውን እነሱ በፋራናይት 100.4 ይሉታል። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን እዚህ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ለሐኪም ይደወላል።

ትልቋን ልጅሽን ዛሬ ማታ አጠገብሽ አስቀምጫት። ወንድምሽ ደህና ነው፣ የሰዓቱም ነገር ያንቺ ጥፋት አይደለም በያት። ምናልባት እስካሁን በሆዷ ይዛው ይሆናል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ከፈለገች ትምጣና ወንድሟን ትቀፍልሽ፣ ማስተርጎሙን ለባለሙያው ተዉት።