የደብተሩ ቀኝ ገጽ

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ ቤት መጣች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ለባንክ ቅጥር ፈተና እየተዘጋጀች ነው። ከቴሌግራም ያወረደችውን ወፍራም ፒዲኤፍ አሳየችኝ። የህንድ የውድድር ፈተና ጥያቄዎች ናቸው። እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም፤ በየግሩፑ የሚዞር ነገር ነው። የሒሳቡና የሎጂኩ ክፍል ጥሩ ልምምድ ስለሆነ እሱን አልነቅፍም። መጨረሻው ላይ ግን የህንድ ጠቅላላ ዕውቀትና ወቅታዊ ጉዳዮች አብሮ ተያይዟል። ልጅቷ "ምናልባት ቢመጣስ" ብላ እሱንም ሸምድዳዋለች።

"ጠይቀኝ አጎቴ" አለችኝ።

"ህንድ ስንት ግዛት አላት?"

"29። በማዕከላዊ መንግሥቱ በቀጥታ የሚተዳደሩት ደግሞ 7" አለች ፈጠን ብላ።

ይህ መልስ ከ2014 እስከ 2019 ድረስ ልክ ነበር። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ።) ኦክቶበር 31 ቀን 2019 ጃሙና ካሽሚር ግዛትነቱ ቀርቶ ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱም በማዕከላዊ መንግሥቱ ሥር ገቡ። ጃንዋሪ 26 ቀን 2020 ደግሞ በማዕከሉ ሥር የነበሩ ሁለት ትናንሽ አካባቢዎች አንድ ላይ ተዋሃዱ። አሁን ቁጥሩ 28 እና 8 ነው። ስነግራት ፊቷ ቅጭም አለ። ስንት ሌሊት ያመሸችበት ነገር ጊዜው አልፎበታል። "ቆይ፣ መጀመሪያ 29 እንዴት ሆነ?" ስላት ደግሞ የምትለው አጣች። እንቅልፍ የነሳኝና ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ይሄ ነው።

29 የሆነው በጁን 2 ቀን 2014 ቴላንጋና ከአንድራ ፕራዴሽ ተለይታ ግዛት ስለሆነች ነው። ለምን ተለየች ብላችሁ ብትጠይቁ ወደ 1956 ትሄዳላችሁ። ያኔ ህንድ የግዛቶቿን ወሰን በአብዛኛው በቋንቋ እንደገና አካለለች፤ ቴላንጋናንም ከአንድራ ጋር አዋሃደቻት። ለምን በቋንቋ ካላችሁ ደግሞ 1952 ላይ ትደርሳላችሁ። ፖቲ ስሪራሙሉ የሚባል ሰው ለቴሉጉ ተናጋሪዎች የራሳቸው ግዛት ይሰጣቸው ብሎ ከ50 ቀን በላይ ምግብ ሳይቀምስ ቆይቶ ሞተ። ሕዝቡ ተነሳ። በሚቀጥለው ዓመት የአንድራ ግዛት ተመሠረተ። ወሰንና ቋንቋ በሚያከራክሩበት አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ይህን አንድ ጊዜ የተረዳ ልጅ ቁጥሩ ነገ ቢቀየር እንኳ አይደነግጥም።

ይህን ዓይነት አነባበብ ያስተማረኝ ቢሃር ከሚባለው የህንድ ግዛት የመጣ አንድ ልጅ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመንግሥት አስተዳደር ልማር ዴልሂ ሄጄ ነበር። የምኖረው ሙከርጂ ናጋር የሚባል ሰፈር ነው፤ ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ ነው። ሰፈሩ ያኔም በተፈታኝ የተሞላ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ በየግድግዳው የተለጠፈው የማጠናከሪያ ትምህርት ማስታወቂያ፣ ሁሉም ለአንድ ፈተና የቆመ ነው። እሱም የህንድ ሲቪል ሰርቪስ ፈተና ነው። ዩፒኤስሲ የሚባለው የመንግሥት ኮሚሽን ያዘጋጀዋል። ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አንቀጽ 315 ላይ የተደነገገ ተቋም ነው።

የክፍል ጓደኛዬ ለዚህ ፈተና ነበር የሚዘጋጀው። የጥር ብርድ ዴልሂ ላይ ቀላል አይደለም፤ ጭጋጉ መስኮቱን ይሸፍነዋል። ልጁ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ የዝንጅብል ሻዩን አጠገቡ አስቀምጦ ጋዜጣውን ይዘረጋል። መቀስ፣ ሙጫ፣ አትላስና አንድ ትልቅ ደብተር ይዟል። በደብተሩ ግራ ገጽ ላይ ዜናውን ቆርጦ ይለጥፋል። ቀኝ ገጹ ላይ ሥሩን ይጽፋል። ቦታው ካርታ ላይ የት ነው? ነገሩ መቼ ተጀመረ? የትኛው ሕግ ይመለከተዋል? ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል? የማያውቀው ሲሆን ቦታውን ባዶ ይተወዋል። አንዳንዱ ገጽ ለሁለት ለሦስት ወር ባዶ ይከርማል። ከዚያ አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍት እየሮጠ ይመጣና ይሞላዋል።

በ1995 የማሃራሽትራ ግዛት መንግሥት አውራንጋባድ የምትባለውን ከተማ ስም ሊቀይር ነው የሚል ዜና ወጣ። ልጁ ዜናውን ለጥፎ ቀና ብሎ አየኝና "ይህችን ከተማ የመሠረታት ያንተ አገር ሰው ነው፣ ታውቃለህ?" አለኝ። አላውቅም ነበር። ማሊክ አምባር የሚለውን ስም ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ ገና ልጅ ሳለ በባርነት ተሽጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ እያለ ህንድ ገባ። እዚያ ወታደር ሆነ፣ ቀጥሎም የአሕመድናጋር ሱልጣኔት ዋና ገዥ። ሰሜን ህንድን ይገዛ የነበረውን የሙጋል መንግሥት ኃያል ጦር በሽምቅ ውጊያ ለዓመታት አስቸገረ። በ1610 ኻድኪ የምትባል ከተማ ቆረቆረ፤ ውኃ በመሬት ውስጥ ቦይ አስገባላት። በ1626 ሞተ። ከተማዋን በኋላ አውራንግዜብ የሚባለው የሙጋል ንጉሥ በራሱ ስም ጠራት። እሱ በ1689 ሳምባጂ የተባለውን የማራታዎች (የዚያ አካባቢ ሕዝብ) ንጉሥ አስገድሏል። የስም ለውጡ ጥያቄ ከዚህ ቁስል ይነሳል። ያኔ በክርክር ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በ2023 ግን ተፈጸመ። ዛሬ ከተማዋ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ትባላለች።

የእናንተ ፒዲኤፍ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ነው የሚጽፈው፦ "የአውራንጋባድ አዲሱ ስም ማን ነው?" መልሱን መሸምደድ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ከሳምንት በኋላ ይጠፋል። እኔ ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላም አልረሳሁትም። ባዕድ አገር ውስጥ የወገኔን ታሪክ ከሌላ ሰው አፍ መስማቴ ትንሽ አሳፍሮኝም ነበር።

ፈተናውም የሚፈልገው ይህን ነው። የሲቪል ሰርቪሱ የመጀመሪያ ማጣሪያ የጠቅላላ ዕውቀት ወረቀት 100 ጥያቄ አለው፤ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ሰዓት ነው። ለተሳሳተ መልስ የጥያቄው ነጥብ አንድ ሦስተኛ ይቀነሳል። ስለዚህ ዝም ብሎ መገመት ያስቀጣል። አብዛኛው ጥያቄ "ማን ነው፣ መቼ ነው" አይልም። ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይደረድርና የትኞቹ ትክክል እንደሆኑ ይጠይቃል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ "ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ትክክል ነው?" የሚል አመጡ። በእንዲህ ያለው ጥያቄ አንዱን ብቻ አውቆ ሌላውን በማስወገድ መድረስ አይቻልም። ሁሉንም ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ቀጥሎ የጽሑፍ ፈተና አለ፣ ዘጠኝ ወረቀት ነው። እዚያ ደግሞ አስተያየትህን በምክንያት ታስቀምጣለህ። በመጨረሻ ቃለ መጠይቅ ይመጣል። ለምሳሌ ቻንድራያን 3 የተባለው የህንድ መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ያረፈው ኦገስት 23 ቀን 2023 መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ለምን ወደ ደቡብ ዋልታው አካባቢ እንደሄደ ማስረዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ፀሐይ የማይደርስባቸው ጉድጓዶች ውስጥ በረዶ ይገኛል ስለሚባል ነው። ውኃ ካለ ደግሞ ወደፊት ሰው እዚያ ሊቆይ ይችላል።

ከእናንተ ውስጥ ህንድ ሄዳችሁ የምትማሩ፣ ወይም የህንድን ጉዳይ ለሥራ የምትከታተሉ አላችሁ። ለእናንተ ትንሽ ልጨምርላችሁ። መሠረቱን በትምህርት ቤት መጻሕፍት ያዙ። ኤንሲኢአርቲ የሚባሉት የህንድ መማሪያ መጻሕፍት ቀላልና ግልጽ ናቸው፤ ድረ ገጹ ላይ በነፃ ይገኛሉ። የታሪክና የጂኦግራፊውን ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ሳታነቡ ወደ ዜና አትሩጡ። ከዚያ አንድ ጋዜጣ ምረጡ። አንድ ብቻ። ተፈታኞቹ ዘ ሂንዱን ወይም ኢንዲያን ኤክስፕረስን ነው የሚያነቡት። በአንድ ሰዓት ጨርሱት። የፖለቲከኞችን ስድድብ እለፉት። የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ አዲስ ሕግ፣ ኢኮኖሚ፣ አካባቢና የውጭ ግንኙነት ላይ ቆም በሉ። የመንግሥትን ውሳኔ ከዩቲዩብ ተንታኝ ከመስማት በፊት የመንግሥት ማስታወቂያ ቢሮው ያወጣውን ራሱን አንብቡ። በጀቱ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ነው የሚቀርበው፤ ከእሱ በፊት የኢኮኖሚ ዳሰሳ ሪፖርቱ ይወጣል። እሱን የተረዳ ሰው የዓመቱን የኢኮኖሚ ዜና ግማሽ ጨርሷል።

ለእኛ የሚቀርቡ ዜናዎችም አሉ። የአፍሪካ ኅብረት የቡድን 20 ቋሚ አባል የሆነው ሴፕቴምበር 2023 ኒው ዴልሂ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ህንድ ያለችበትን ብሪክስ የተቀላቀለችው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። እነዚህን በግራ ገጽ አስቀምጧቸውና ቀኙን እናንተ ሙሉት።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ይከብደኛል። የ2023ቱን የሲቪል ሰርቪስ ፈተና ለመፈተን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አመለከተ። ወደ 592 ሺህ የሚጠጋው ተፈተነ። በመጨረሻ የተመረጡት 1,016 ናቸው። ሌላው ምርጥ ዕድሜውን ለዝግጅቱ ሰጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሕንጻዎቹም ልጆቹን ለመያዝ አይበቁም። ጁላይ 27 ቀን 2024 ዴልሂ ውስጥ ኦልድ ራጂንደር ናጋር በሚባለው የተፈታኞች ሰፈር ከባድ ዝናብ ጣለ። አንድ የማጠናከሪያ ማዕከል ምድር ቤቱን ቤተ መጻሕፍት አድርጎት ነበር። ጎርፉ እዚያ ገብቶ ሦስት ወጣቶች ሞቱ። ዜናውን ሳነብ የዚያን ዘመን የኛን ጠባብ ክፍል አስታወስኩና ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ልጆቼ፣ ፈተና ነፍስን አያክልም። የምታጠኑበትን ቤት መውጫ በር እዩ። ስንት ጊዜ እንደምትፈተኑ ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምትሠሩም አብራችሁ አስቡ።

ያ ጓደኛዬ አላለፈም። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ወደ ቢሃር ተመለሰና የጂኦግራፊ መምህር ሆነ። ለብዙ ዓመት ተጻጽፈናል። ተማሪዎቹን ደብተራቸውን ለሁለት እንዲከፍሉ እንደሚያዛቸው ጽፎልኛል። እኔም ከዚያ ወዲህ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። የቅጥር ፈተና አውጥቻለሁ፣ አርሜያለሁ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጫለሁ። የሸመደደ ልጅ ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠይቀው ዓይኑ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ሥሩን የያዘ ልጅ ግን የማያውቀው ሲመጣበት እንኳ "ይህን አላውቅም፣ ግን ከዚህ ጋር የሚያያዝ ይመስለኛል" ይላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ለመውሰድ ታግያለሁ።

የእህቴ ልጅ ያን ፒዲኤፍ አላጠፋችውም። ግን ባለ 100 ሉክ ደብተር ገዛች። መጀመሪያ የለጠፈችው ዜና ስለ አቦሸማኔ ነው። በሴፕቴምበር 2022 ስምንት አቦሸማኔዎች ከናሚቢያ በአውሮፕላን ተጭነው ህንድ ውስጥ ኩኖ ብሔራዊ ፓርክ ተለቀቁ። በቀኙ ገጽ ላይ ህንድ ውስጥ ዝርያው ጠፍቷል የተባለው በ1952 መሆኑን ጽፋለች። ፓርኩ ያለበትን ግዛት፣ ማድያ ፕራዴሽንም ካርታ ላይ አግኝታዋለች። ትናንት ማታ ደወለችልኝ። "አጎቴ፣ ኢራን ለህንድ ትቀርባለች። የእስያው አቦሸማኔ ደግሞ ያለው እዚያ ነው። ታዲያ ለምን ከአፍሪካ አመጡ?"

መልሱን አልነገርኳትም። ቦታውን ባዶ ተይው አልኳት።