ለከፊራ ገበያ ልጆች፣ ስለ ትከሻ

ልጆቼ፣ ድሬዳዋ ላይ ዕድሜዬን በፊዚዮቴራፒ ሥራ ስገፋ ከወገብ ቀጥሎ ደጄን የሚያዘወትረው ትከሻ ነበር። ሙቀቱ ሳይበረታ ጆንያውን በማለዳ ለመጨረስ የምትጣደፉ ጫኝና አውራጆች፣ ኮርኒስ ስትቀቡ የምትውሉ፣ ማታ ብረት የምታነሡ፣ ቅሬታችሁ አንድ ነው፤ «ክንዴን ወደ ጎን ሳነሣ መሐል ላይ ይወጋኛል፤ ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት አልቻልሁም።»

የትከሻ መጋጠሚያ ጉድጓዱ ጥልቀት የለውም። የክንዱን አጥንት ራስ አቅፈው የሚይዙት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። የላይኛው ጅማት የሚያልፈው ጣራ በሚመስል አጥንት ሥር ነው። ሕመሙ ከዚያ ጣራ ጋር ከመፈተግ ይመጣል ተብሎ፣ በተለይም አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ኒር እ.ኤ.አ. በ1972 ከጻፈ ወዲህ፣ አጥንቱን በቀዶ ጥገና መሞረድ የተለመደ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙ የእንግሊዝና የፊንላንድ ጥናቶች ግን ሞረዳውን አጥንቱ ሳይሞረድ ከሚደረግ የይስሙላ ቀዶ ጥገና ጋር ቢያስተያዩት ይህ ነው የሚባል ብልጫ አጡበት። ስለዚህ ዛሬ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አጥንቱ ሳይሆን ሰሞኑን ሥራው ጅማቱ ከለመደው ምን ያህል እንደ ጨመረ ነው።

ይህን ሳላውቅ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ አንዱን ጫኝ ክንድህን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ስድስት ሳምንት አሳርፈው አልሁት። ያዳንሁት መስሎኝ ክንዱን አሰርሁለት። ሲመለስ ቀበቶውን ከኋላ ማስተካከል ተስኖት ነበር፤ የሥራ ተራውንም ሌላ ይዞበታል። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ሸክሙን ቀንሱ እንጂ ክንዱን አንገታችሁ ላይ አስራችሁ አታቆዩት። ከብስክሌት ውስጠኛ ጎማ ቁራጭ በር ላይ እሰሩ፤ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቃችሁ፣ ጎማውን ይዛችሁ ክንዳችሁን ወደ ውጭ አዙሩ፤ ቀስ ብላችሁ መልሱ። ትንሽ ቢያም አትደንግጡ፤ በማግስቱ ጠዋት ካልበረደ ግን አብዝታችኋል። ሦስት ወር ያህል ታገሡ፤ ጅማት ቸኩሎ አይጠነክርም። ትከሻችሁን የማስታገሻ መርፌ የተወጋችሁም ሕመሙ ረገበ ብላችሁ በሳምንቱ ጆንያ ሥር አትግቡ፤ መርፌው ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል እንጂ ጅማቱን አያበረታም።

ወጌሻን አልንቅም፤ እናቴም ወደ ወጌሻ ወስዳኝ ታውቃለች። ነገር ግን ወድቃችሁ ክንዳችሁ በድንገት አልነሣም ካለ ማንም እንዲስብላችሁ አትፍቀዱ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ኤክስሬይ አጥንታችሁን ደህና ቢልም አልትራሳውንድ ጠይቁ፤ የተቀደደ ጅማት በኤክስሬይ አይታይም።