የጻፋችሁትን እንግሊዝኛ አምጡ፣ አብረን እንየው

ሰሞኑን «ይቺን አስተካክልልኝ» የሚል ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። አብዛኛው ስህተታችን ካለማወቅ አይመጣም። ጥሩ አማርኛ በእንግሊዝኛ ቃላት ስንጽፍ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ «ኦልዶው ኢት ዋዝ ሬይኒንግ፣ በት ዊ ዌንት» ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ «በት»ን ሰረዘብኝ። ለምን?

መልስ፦ መምህርህ ልክ ነው። እኛ «ምንም እንኳን ዝናብ ቢሆንም፣ እኛ ግን ሄድን» እንላለን፣ ያምርበታልም። እንግሊዝኛው ከሁለቱ አንዱን ነው የሚፈልገው። ወይ «ኦልዶው»ን ተው፣ ወይ «በት»ን።

ጥያቄ፦ ይሄ ምን ይጎድለዋል? «አይ ዎክ አፕ ኧርሊ ኤንድ ኤት ብሬክፋስት ኤንድ ቱክ ታክሲ ኤንድ ኢንተርድ ኦፊስ ኤንድ ማይ ቦስ ዋዝ አንግሪ።»

መልስ፦ እስቲ ጮክ ብለህ ወደ አማርኛ መልሰው። «በጠዋት ተነስቼ፣ ቁርስ በልቼ፣ ታክሲ ይዤ ቢሮ ስገባ አለቃዬ ተቆጥቶ ጠበቀኝ።» ምንም አይወጣለትም! «ተነስቼ፣ በልቼ፣ ይዤ» እያልን የፈለግነውን ያህል እንሄዳለን፣ የመጨረሻው ግስ መጥቶ ይዘጋልናል። እንግሊዝኛ ላይ ግን ያ መዝጊያ ስለሌለ ሁሉንም በ«ኤንድ» ሰፋኸው፣ አንባቢው ደግሞ ዋናው ነገር የቱ እንደሆነ ጠፋው። ዋናው የአለቃህ ቁጣ ነው አይደል? ለብቻው አቁመው፦ «አይ ዎክ አፕ ኧርሊ፣ ኤት ብሬክፋስት ኤንድ ቱክ ኤ ታክሲ ቱ ወርክ። ማይ ቦስ ዋዝ ኦልሬዲ አንግሪ።» ከ«ታክሲ» በፊት የገባችውን «ኤ» ልብ በል። «ታክሲ ያዝኩ» ስንል ምንም ስለማንጨምር ሁሌም ትረሳለች።

ጥያቄ፦ የሥራ ማመልከቻ ላይ «አይ አም ካይንድሊ ሪኩዌስት ዩ» ይባላል?

መልስ፦ በየደብዳቤው አለ፣ ግን ስህተት ነው። «አም» እና «ሪኩዌስት» እንዲህ አብረው አይቆሙም። «አይ ዉድ ላይክ ቱ አፕላይ» በይና ቀጥታ ወደ ጉዳይሽ ግቢ። ከሰዋስው ውጪ ቢሆንም ሲቪሽ ላይ ያሉትን ዓመታትም እያቸው። ሐምሌ 2010 የተመረቀ ሰው በፈረንጆቹ ጁላይ 2018 ነው የተመረቀው። ትምህርቱን በእኛ፣ ሥራውን በእነሱ አቆጣጠር የጻፈ ሰው ስምንት ዓመት ቤት የተቀመጠ ይመስላል።

ጥያቄ፦ አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው) ላይ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነጥብ ያስገኛል?

መልስ፦ ርዝመት ብቻውን አያስገኝም። በፈተናው የመጻፍ ክፍል ሁለተኛው ጽሑፍ ቢያንስ 250 ቃል ይፈልጋል። ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ሰዋስው ሲሆን ዓይነቱም ትክክለኛነቱም ይታያል። ረጅሙንም አጭሩንም ቀላቅል፣ ለማረሚያ አምስት ደቂቃ አስተርፍ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው ያለሁት። ለልጄ መምህር «ፕሊዝ ኤክስፕሌይን ሚ ዘ ሆምወርክ» ብዬ ላኩ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ይገባቸዋል፣ አይጨነቁ እናቴ። «አስረዳኝ» ስንል «ኝ» ግሱ ላይ ስለምትለጠፍ «ኤክስፕሌይን ሚ» ማለት ይቀናናል። እንግሊዝኛው የሚብራራውን ነገር ያስቀድምና ሰውየውን በ«ቱ» ያስከትላል፦ «ፕሊዝ ኤክስፕሌይን ዘ ሆምወርክ ቱ ሚ»። «ቴል» ሲሆን ግን «ቴል ሚ» ነው፣ ያለ «ቱ»። ለየብቻ ከመያዝ በቀር መላ የለውም። የሚቀጥለውን ኢሜይል ከመላክዎ በፊት ያምጡት፣ አብረን እናየዋለን።