ባዶ ባክአፕ እያስቀመጠ «ተሳክቷል» ስለሚል የሼል ስክሪፕት

የጠያቂያችንን ጥያቄ በአጭሩ ላስቀምጠው። በየሌሊቱ በክሮን (ፕሮግራሞችን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሳው አገልግሎት) የሚነሳ፣ ባሽ በተባለው ሼል የተጻፈ ስክሪፕት አለዎት። ስክሪፕቱ የዳታቤዙን ይዘት አውጥቶ በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው መስመር) ወደ ፋይል መጭመቂያው ጂዚፕ ያስተላልፋል፣ ውጤቱን በዕለቱ ቀን በተሰየመ ፋይል ያስቀምጣል፣ ከዚያም ከ7 ቀን በላይ የቆዩ ቅጂዎችን ያጠፋል። መጀመሪያ ላይ ትእዛዝ ሲወድቅ ስክሪፕቱን እንዲያስቆም የሚታሰበውን «ሴት -ኢ» ጽፈዋል፤ ሎጉም ሁልጊዜ «ተሳክቷል» ይላል። ቅጂው ባስፈለገ ቀን ግን በዳይሬክተሪው ውስጥ የቀሩት ፋይሎች ሁሉ እያንዳንዳቸው 20 ባይት ሆነው ተገኙ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ፣ ስህተት ሲፈጠር ስክሪፕቱ ለምን አልቆመም? ሁለተኛ፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ ሼልን ትቶ ወደ ፓይተን መሄድ አይሻልም ወይ?

ችግሩ ያለው የት እንደሆነ 20 ባይት የሚለው መጠን ራሱ ይናገራል። ጂዚፕ በፓይፕ ምንም ዳታ ሳይደርሰው ግብዓቱ ሲዘጋ የሚጽፈው ፋይል ልክ ይህን ያህል ነው፤ 10 ባይት የፋይሉ ራስጌ፣ 2 ባይት ባዶ የተጨመቀ ይዘት፣ 8 ባይት ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው የማረጋገጫ ድምርና የይዘቱ ርዝመት ነው። ስለዚህ ፋይሉ አልተበላሸም፤ በትክክል የተሠራ የባዶ ነገር ቅጂ ነው። የወደቀው ከጂዚፕ በፊት የቆመው የዳታቤዝ ትእዛዝ ነው፤ የይለፍ ቃል ተቀይሮ ወይም ግንኙነት ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ሼል ደግሞ ሌላ ካልታዘዘ በቀር የአንድን ፓይፕ ውጤት የሚወስደው ከመጨረሻው ትእዛዝ ብቻ ነው። ጂዚፕ ሥራውን በሚገባ ጨርሶ ዜሮ የመውጫ ኮድ፣ ማለትም «ተሳክቷል» የሚል ምልክት፣ ስለመለሰ፣ «ሴት -ኢ» የሚያስቆመው ምንም ምክንያት አላገኘም።

ለዚህኛው ችግር መድኃኒቱ የ«ፓይፕፌይል» አማራጭ ነው፤ ይህ አማራጭ ሲበራ በፓይፑ ውስጥ ካሉት ትእዛዞች አንዱ እንኳ ቢወድቅ ፓይፑ በሙሉ እንደወደቀ ይቆጠራል። በባሽ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያለ ሲሆን ፖዚክስ ወደተባለው የሼሎች የጋራ ደረጃ የገባው ግን በ2024 እትም ነው፤ ስለዚህ በአሮጌ ተራ ሼል ላይ እንደሚሠራ አይቁጠሩ። በዚህ ምክንያት የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ባሽን በግልጽ መጥራት አለበት፤ በክሮን ውስጥም ስክሪፕቱን «ኤስኤች» በሚለው ትእዛዝ በኩል እንዳያስነሱት፣ ያ ከሆነ የመጀመሪያው መስመር ጨርሶ አይታይም።

እዚህ ላይ መቆም ግን አይገባም፤ ምክንያቱም ሰዎች ከ«ሴት -ኢ» የሚጠብቁትና «ሴት -ኢ» በእርግጥ የሚሠራው ነገር እጅግ ይራራቃሉ። አንድ ትእዛዝ በ«ኢፍ» መፈተኛ ውስጥ ከገባ፣ ወይም «ይህ ካልተሳካ ያንን አድርግ» ከሚለው የሁለት ቋሚ መስመር ምልክት በስተግራ ከቆመ፣ ውድቀቱ ስክሪፕቱን አያስቆመውም። ይህ በራሱ ትክክል ነው፣ ጸሐፊው ውድቀቱን ራሱ እየፈተነው ነውና። አደጋው ይህ ሁኔታ በዚያ ቦታ ወደሚጠራ ፋንክሽን (በአንድ ስም የተሰበሰቡ ትእዛዞች) ውስጥም መውረዱ ነው። «ባክአፕ_አውጣ» የሚል ፋንክሽን ጻፉ እንበል፤ በውስጡም ተከታታይ አምስት ትእዛዞች አሉ። ፋንክሽኑን «ባክአፕ_አውጣ፣ ካልተሳካ ኢሜይል ላክ» በሚል ቅርጽ ሲጠሩት «ሴት -ኢ» በአምስቱም ትእዛዞች ላይ ከሥራ ውጭ ይሆናል። ሁለተኛው ቢወድቅ ሦስተኛው ይቀጥላል፤ አምስተኛው ከተሳካ ፋንክሽኑ እንደተሳካ ይቆጠራል፤ ኢሜይሉም አይላክም። ጥንቃቄ ለመጨመር ተብሎ የተጻፈው መስመር ጥንቃቄውን ያጠፋዋል ማለት ነው። ሌላው በተደጋጋሚ የማየው ደግሞ በፋንክሽን ውስጥ ብቻ የሚያገለግል ቫሪያብል የሚያውጀውን «ሎካል» የሚለውን ቃልና የትእዛዝን ውጤት ወደ ቫሪያብል ማስገባትን በአንድ መስመር መጻፍ ነው። የዚያ መስመር የመውጫ ኮድ የ«ሎካል» ስለሚሆን የውስጠኛው ትእዛዝ ውድቀት ተውጦ ይቀራል፤ መጀመሪያ ቫሪያብሉን ማወጅ፣ በሚቀጥለው መስመር ዋጋ መስጠት ይገባል።

ስለዚህ የእኔ አሠራር እንዲህ ነው፤ «ሴት -ኢ»፣ ያልተሰየመ ቫሪያብል ሲጠራ የሚያስቆመው «ሴት -ዩ» እና «ፓይፕፌይል» በእያንዳንዱ ስክሪፕት መጀመሪያ ላይ እንዲኖሩ አደርጋለሁ፣ ነገር ግን ጉዳት ሊያደርስ የሚችል መስመር ሁሉ የራሱ ግልጽ ፍተሻ እንዲኖረው እጠይቃለሁ። «ፓይፕፌይል»ም ቢሆን የራሱ ጠባይ አለው። ጽሑፍ ፈላጊው «ግሬፕ» የሚፈልገውን ሳያገኝ ሲቀር 1 ይመልሳል፣ ይህም ስህተት ሳይሆን መልስ ነው። «ሄድ» ጥቂት መስመር ወስዶ ፓይፑን ሲዘጋ ደግሞ ከፊቱ ያለው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ 141 በሚል ኮድ ይሞታል። እነዚህን ለይቶ ማስተናገድ የስክሪፕቱ ጸሐፊ ሥራ ነው።

በእርስዎ ስክሪፕት ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የማጥፋቱ ክፍል ነው። አዲሱ ቅጂ ይሳካ አይሳካ ሳይታይ አሮጌው በዕድሜው ብቻ ስለሚጠፋ፣ ስህተቱ ከአንድ ሳምንት ጥቂት ሲያልፈው ደህና ቅጂ አንድም አልቀረም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፤ መጀመሪያ ቅጂውን በዚያው የፋይል ሲስተም ላይ በጊዜያዊ ስም ይጻፉ፤ ከዚያ ይዘቱን ይፈትሹ፤ ፍተሻውን ካለፈ ስም በሚቀይረው «ኤምቪ» ትክክለኛውን ስም ይስጡት፤ አሮጌዎቹን የሚነኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሁን። በአንድ የፋይል ሲስተም ውስጥ ስም መቀየር ሳይከፋፈል በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ስለሆነ፣ በትክክለኛው ስም የሚታይ ፋይል ሁሉ የተሟላ መሆኑን እርግጠኛ መሆን ይቻላል። ስለ ፍተሻው አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የጂዚፕ የራሱ መፈተሻ ያንን 20 ባይት ፋይል ደህና ነው ብሎ ያሳልፈዋል፣ በቅርጹ ደህና ነውና። ከዚያ የሚሻለው መጠኑን ካለፈው ቅጂ ጋር ማነጻጸርና የመጨረሻውን መስመር ማየት ነው፤ የማይኤስኪውኤልም ሆነ የፖስትግሬስ የጽሑፍ ቅጂ ማውጫ በተለመደው አሠራሩ ሥራውን ሲጨርስ መጠናቀቁን የሚገልጽ የአስተያየት መስመር መጨረሻው አካባቢ ይጽፋል። ይህ መስመር ከሌለ ቅጂው መሐል ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። የሚጠፉትንም በቀን ብዛት ሳይሆን ፍተሻውን ያለፉ ስንት ቅጂዎች እንዳሉ በመቁጠር ይወስኑ።

ከማጥፋት ጋር የተያያዘ በሰፊው የታወቀ ምሳሌ አለ። በጥር 2015 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ የተዘጋጀው ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ፕሮግራም ማስነሻ ስክሪፕት የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ፋይል እንደሚያጠፋ ተደረሰበት። ስክሪፕቱ የራሱን ዳይሬክተሪ ወደ ዳይሬክተሪ በሚያስገባው «ሲዲ» አግኝቶ በቫሪያብል ያስቀምጥና፣ በኋላ በዚያ ቫሪያብል ሥር ያለውን ሁሉ «አርኤም» በተባለው ትእዛዝ ያጠፋ ነበር። «ሲዲ» ሲወድቅ ቫሪያብሉ ባዶ ሆነ፤ የቀረው ወደፊት ያዘነበለች መስመርና የኮከብ ምልክት ብቻ ሆነ፤ ይህም ከስር መሠረቱ ጀምሮ ተጠቃሚው ሊያጠፋው የሚችለውን ሁሉ ማለት ነው። እዚህ ላይ በደንብ ሊታይ የሚገባው፣ ቫሪያብሉ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ የነበረ መሆኑና «ሴት -ዩ»ም ብቻውን ሊያድነው የማይችል መሆኑ ነው፤ «ሴት -ዩ» የሚይዘው ጨርሶ ያልተሰየመውን ነው እንጂ ተሰይሞ ባዶ የሆነውን አይደለም። ሁለቱንም የሚይዘው በቫሪያብሉ ስም ላይ ሁለት ነጥብና የጥያቄ ምልክት የሚጨመርበት አጻጻፍ ነው፤ ዋጋው ባዶ ከሆነ ስክሪፕቱ ማጥፋቱ ሳይጀመር ይቆማል። እኔ ይህ ምልክት የሌለበትን፣ ቫሪያብል የያዘ የማጥፊያ መስመር አላሳልፍም።

ስለ ትምህርተ ጥቅስ ካነሳን፣ የፋይል ስም ከዜሮ ባይትና ከወደፊት ያዘነበለች መስመር በቀር ማንኛውንም ነገር፣ አዲስ መስመርን ጨምሮ፣ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ቫሪያብል ሁሉ በድርብ ትምህርተ ጥቅስ ይከበብ፤ ፋይሎችን የሚዘረዝረውን የ«ኤልኤስ»ን ውጤት ቆራርጦ እንደ ዝርዝር መጠቀም ይቅር፤ ፋይል ፈላጊው «ፋይንድ» እና ዝርዝሩን ለሌላ ትእዛዝ የሚያቀብለው «ኤክስአርግስ» ሲጣመሩ ስሞቹ በዜሮ ባይት ይለያዩ።

የቀሩት አጫጭር ናቸው። ክሮን እንደ ተርሚናልዎ ያለ የ«ፓዝ» ዝርዝር (ትእዛዞች የሚፈለጉባቸው ዳይሬክተሪዎች) ስለማይሰጥ በስክሪፕቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፉት። የይለፍ ቃል በትእዛዙ ላይ አይጻፍ፣ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን በሚዘረዝረው «ፒኤስ» ለሌሎች ተጠቃሚዎች ሊታይ ይችላልና፤ ባለቤቱ ብቻ በሚያነበው የማዋቀሪያ ፋይል ይቀመጥ። የትናንቱ ሥራ ሳያልቅ የዛሬው እንዳይነሳ በ«ኤፍሎክ» ይቆልፉ። ጊዜያዊ ፋይል በ«ኤምኬቴምፕ» ይፍጠሩ፣ ስክሪፕቱ ሲወጣ እንዲጸዳም መውጫው ላይ ትእዛዝ የሚያስፈጽመውን «ትራፕ» ያስቀምጡ። ስክሪፕቱን የሼል ስህተት በሚፈልገው ፕሮግራም በሼልቼክ ማስመርመርም አይቅር፤ የጠቀስኩትን የ«ሎካል» ስህተትና የተረሱ ጥቅሶችን ወዲያው ያሳያል።

ወደ ፓይተን ስለ መሄድ ላነሱት፣ ለዚህ ሥራ ሼል ይበቃል ባይ ነኝ። ሥራው ሁለት ፕሮግራሞችን ማገናኘትና ፋይል ማንቀሳቀስ ነው፤ ሼልም የተሠራው ለዚህ ነው። ፓይተንም ቢሆን ውጫዊ ትእዛዝ ሲጠራ የመውጫ ኮዱን እንዲፈትሽ ካልታዘዘ ውድቀቱን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ስለዚህ ቋንቋ መቀየር ብቻውን የእርስዎን ችግር አይፈታውም ነበር። ስክሪፕቱ የተወሳሰበ ዳታ መያዝ፣ ጄሰን በተባለው የዳታ ቅርጽ የተጻፈ ነገር መተንተን ወይም ብዙ ሰርቨሮችን በየሁኔታቸው ማስተናገድ ሲጀምር ግን ሳይዘገዩ ይቀይሩት። አሁን ከሁሉ በፊት የሚያስቸኩለው የማጥፊያውን መስመር ዛሬውኑ ማገድ፣ አንድ ቅጂ በእጅ ማውጣትና ያንን ቅጂ በሌላ ዳታቤዝ ላይ መልሶ ጭኖ ማየት ነው።