ሽታ ይሰማል ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። ለቤት ሥራ «ማታ ማታ የኩበት ጭስ ሽታ ይሰማኛል» ብላ ጻፈች። መምህሯ በቀይ አስምረውበት «ሽታ ይሸታል እንጂ አይሰማም» አሏት። አኩርፋ መጣች። እኔም የምናገረው እንደሷ ነው። ስህተት ነው? ደግሞስ በሳይንስ «ስሜት» እና «ግንዛቤ» ብለው የሚለዩዋቸው ምንና ምን ናቸው?

መልስ፦ ልጅዎ አልተሳሳተችም። ዛሬውኑ ይንገሯት።

መምህሯ ያሰቡት ይገባኛል። «ሰማ» የጆሮ ግስ ነው። «ሽታ ሰማሁ» ብላ ቢሆን እኔም አሰምርበት ነበር። እሷ ግን ያለችው «ይሰማኛል» ነው። «ሰማሁ» እና «ተሰማኝ» አንዲት እናት ብትወልዳቸውም መንገዳቸው ተለያይቷል። «ተሰማኝ» ለብርድም፣ ለህመምም፣ ለድካምም፣ ለደስታም ይሆናል። «ብርድ ተሰማኝ» ያለን ሰው «በየትኛው ጆሮህ?» የሚለው የለም። «ስሜት» የሚለው ቃል ራሱ የወጣው ከ«ሰማ» ነው። «የማሽተት ስሜት» እያልን «ሽታ ይሰማኛል»ን የምንከለክልበት ምክንያት አይታየኝም። «ሸተተኝ»ም ልክ ነው፣ አጠር ይላል። ሁለቱም ይኑሩ።

«ሰማ» እንዲያውም ከዚህም አልፎ ይሄዳል። እናንተ ሰፈር፣ እኔም በምኖርበት በጣፎ በኩል፣ «ኦሮምኛ እሰማለሁ፣ መናገር ግን አልችልም» የሚል ሰው ሞልቷል። ድምፁማ ጆሮ ላለው ሁሉ ይሰማል። ሰውየው «ይገባኛል» ማለቱ ነው። እንግዲህ ግሱ ከጆሮ ተነስቶ አእምሮ ድረስ ዘለቀ ማለት ነው። ሁለተኛው ጥያቄዎ ያለውም እዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቅተዋል እንበል። ከውጭ ድምፅ መጣ። የአየሩ ንዝረት የጆሮ ታምቡርን መታ። ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ተቀብለው ፈሳሽ ወደ ሞላበት፣ እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ተጠማዘዘ ክፍል አሳለፉት። እዚያ ያሉ ፀጉር መሰል ጭራ ያላቸው ሕዋሳት ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ለወጡት። መልእክቱ በነርቭ ተጉዞ አንጎል ገባ። እስካሁን የሆነው «ድምፅ ተሰማኝ» ነው። ሳይንሱ ስሜት የሚለው ይህንን ነው።

«ጅብ ነው» ማለት ግን ሌላ ሥራ ነው። አንጎል የመጣለትን መልእክት ቀድሞ ከሚያውቀው ጋር ያስተያየዋል። ከፒያሳ መጥቶ ያደረ እንግዳ «የምን ውሻ ነው እንዲህ የሚያላዝነው?» ይላል። አባዶ አካባቢ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ጅብ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ጆሯቸው አንድ ዓይነት ነው። የተለያየው የለመዱት ነው። ግንዛቤ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ የሰዋስዉ ነገር ነው። «በረደኝ»፣ «አመመኝ»፣ «ሸተተኝ»፣ «ተሰማኝ»። በእነዚህ ሁሉ ሰውየው ተቀባይ ነው፤ ነገሩ ይመጣበታል። «ለየሁ»፣ «አወቅሁ»፣ «አስተዋልኩ» ሲል ግን አድራጊው ራሱ ነው። አማርኛ የመጣብንንና እኛ የምንሠራውን በግሱ አካሄድ ይለያል ማለት ነው። ሁልጊዜ አይደለም፤ «መሰለኝ» ለምሳሌ መሐል ላይ ቆሟል። እሱም ቢሆን ያምርበታል፤ አንጎል ብዙ ጊዜ ግምቱን የሚሰጠው እኛን ሳይጠይቅ ነውና።

«እያየሁት ልብ አላልኩትም» የሚለውንስ? ብርሃኑ ዓይን ገብቷል፣ መልእክቱ ደርሷል፣ ትኩረት ግን አላገኘም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ እያየ ቤቱን የሚያተራምስ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ወደ ልጅዎ ጭስ ልመለስ። ከኩበቱ የሚወጡ ልዩ ልዩ ኬሚካሎች አፍንጫ ውስጥ ይገባሉ። እዚያ 400 ገደማ ዓይነት ሽታ ተቀባዮች አሉ። አንዱ ተቀባይ ብዙ ኬሚካል ይቀበላል፤ አንዱ ኬሚካልም ብዙ ተቀባዮችን ይነካል። «የኩበት» የሚባል ለብቻው የተመደበ ተቀባይ የለም። የትኞቹ በአንድ ላይ እንደተነኩ አይቶ ኩበት ነው የሚለው አንጎል ነው። የእነዚህን ተቀባዮች ነገር የገለጡት ሪቻርድ አክሰልና ሊንዳ ባክ በ2004 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፣ በጣም ስለምወደው። እሳትም «ያቃጥላል»፣ ሚጥሚጣም «ያቃጥላል» እንላለን። ይህን ዘይቤያዊ አነጋገር ብቻ አድርጌ ስቆጥረው ኖሬያለሁ። ነገሩ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ዴቪድ ጁሊየስ የቃሪያንና የበርበሬን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር የሚቀበለውን የነርቭ በር ለዩ። ያው በር ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ ለሙቀትም ይከፈታል። ለአንጎል የሚደርሰው መልእክት የማቃጠል ነው። እሳቸውም በ2021 እ.ኤ.አ. ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ኖቤል አግኝተዋል። እናቶቻችን ወጥ ቀምሰው «አቃጠለኝ» ሲሉ የተናገሩት የሆነውን ነው።

ስለ ቃላቱ አስተያየቴን ልበል። «ስሜት» ብቻውን ሲቆም ደስታና ኀዘንን ያመጣል፤ «ስሜታዊ ሆነ» እንላለን። «ግንዛቤ»ን ደግሞ ስብሰባው ወስዶታል፤ «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ሲባል ስለ አንጎል ሥራ የሚያስብ የለም። «ሕዋስ»ም ተምታቷል። ድሮ «አምስቱ ሕዋሳት» ሲባል ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ነበሩ። ዛሬ በባዮሎጂ ሕዋስ የአካል ጥቃቅን ክፍል ነው፤ እኔም ከላይ ስለ ጆሮ ስጽፍ በዚሁ ትርጉም ተጠቅሜበታለሁ። ስለዚህ ለልጆች ስናስረዳ የመጀመሪያውን «የሕዋሳት ስሜት»፣ ሁለተኛውን «ለይቶ ማወቅ» ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ። ፈተና ላይ ግን ልጅዎ መጽሐፉ ያለውን ትጻፍ።