ከተጣላኋት እህት ጋር እንዴት ላስቀድስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ሐዋሳ ነው። የጽዋ ማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ሳለሁ አንዲት እህት «ሂሳቡ ጎድሏል» ብላ በሰው ፊት አሳፈረችኝ። ሲቆጠር ልክ ሆነ። ይቅርታ ግን አልጠየቀችኝም። ቤተ ክርስቲያን ሳያት ደሜ ስለሚፈላ እሑድ እሑድ ቅዳሴን በስልክ እከታተላለሁ። ይበቃኛል? ወይስ አጥቢያ ልቀይር?

መልስ፦ እህታችን፣ በሰው ፊት መዋረድ ያማል። «እርሺው» ብዬ አላቃልለውም። የስልኩ ግን አይበቃሽም። እሱ ለታመመና ለአራስ መጽናኛ ነው። የቅዳሴ መጽሐፉን ገልጠሽ እዪ፤ የካህኑና የዲያቆኑ ድርሻ እንዳለ ሁሉ «ይ.ሕ.» (ይበል ሕዝብ) የተባለ የሕዝቡም ድርሻ አለ። ያ ያንቺ ነው። ሥጋ ወደሙም በስልክ አይደርስሽም።

ደግሞ ዲያቆኑ «ጸልዩ በእንተ ሰላም ፍጽምት ወፍቅር፤ ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ሲል አስቢ። ስለ ፍጹም ሰላምና ፍቅር ጸልዩ፣ በተቀደሰ ሰላምታም እርስ በርሳችሁ እጅ ተነሣሡ እያለን ነው። እኛ ምን እናደርጋለን? ለወዳጃችን ጎንበስ እንላለን፣ ያኮረፍነውን በዓይናችን እንዘለዋለን። ለሐምሌ 19 ገብርኤል ሐዋሳ በእንግዳ ስትሞላ ከማናውቀው ሰው ጋር ተጋፍተን ብንቆም ቅር አይለንም። የሚከብደን የምናውቀው ሰው ነው።

ጌታ በማቴዎስ 5፥23-24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ፣ ከዚያም መጥተህ መባህን አቅርብ ይላል። ጥፋተኛው ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። «ታርቀህ እቤትህ ቅር»ም አላለም።

ስለዚህ ነገሩን ማኅበር ላይ አታንሺው፤ እዚያ ከተነሣ እንደገና ይጦዛል። ለብቻዋ አግኝተሽ ያመመሽን ንገሪያት። ካልሆነ የንስሐ አባትሽ መሀል ይግቡ። እምቢ ብትልስ? ሐዋርያው «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ነው ያለው (ሮሜ 12፥18)። የድርሻሽን ከተወጣሽ የእሷ እምቢታ ከቅዳሴ አያስቀርሽም።

አጥቢያ መቀየር በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ሰው ቤት ሲቀይርም ይቀይራል። ከእሷ ለመሸሽ ከሆነ ግን በባጃጅ የምትሄጂበት አጥቢያም ጽዋ ማኅበር አለው፣ ገንዘብ ያዥም አለው። እሱን ከእርቁ በኋላ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪበት።