የዓርብ ጎመን ለቅዳሜ ቁርስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓርብ የሚተርፈኝን ጎመን፣ ፎሶሊያና ድንች አልጫ ቅዳሜ ማንም አይነካልኝም። ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቨን ስላለችኝ ከእንቁላል ጋር ጋገርኩት፤ ጠርዙ ደረቀ፣ መሃሉ ግን ውሃ አቀረረ። ምን ይሻለኛል?
ብ.፣ ከጀሞ

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ውሃውን ያመጣብሽ ጎመኑ ነው። ያደረ ጎመን ውሃ ይዞ ይቆይና እሳት ሲነካው እንቁላሉ ውስጥ ይለቀዋል። በእጅሽ ጨብጠሽ ጭመቂው፤ ከዚያ ከፎሶሊያው ጋር ደረቅ መጥበሻ ላይ እንፋሎቱ እስኪጠፋ አመስ አመስ አድርጊው። ዘይት አትጨምሪ፣ የጾም ወጥ ዘይቱን ጠጥቶ ነው ያደረው። ድንቹን በትንንሹ ቁረጪው እንጂ እንዳትፈጪው። የተረፈ ሽሮ ግን እዚህ ውስጥ እንዳይገባ! ሎሚ የነካው ሰላጣም እንዲሁ።

ለሁለት ብርጭቆ አትክልት 6 የፈረንጅ እንቁላል ይበቃል። የአበሻ ከሆነ አነስ ስለሚል 8 አድርጊው፤ እኔ ለአስኳሉ ስል የአበሻውን እመርጣለሁ፣ ዋጋው ካልከበደሽ። ወተት አንድ የቡና ሲኒ ብቻ። ወተት ሲበዛ ይለሰልሳል የሚሉሽን አትስሚያቸው፣ አይጠናልሽም። አልጫው ጨው ስላለው ቀምሰሽ ነው ጨው የምትጨምሪው። ፍሬው የወጣ አንድ ቃሪያ ክተፊበት፤ አይብ ካለሽ በነጠላ ጨርቅ አጥልለሽ ከላይ በትኚው።

ዕቃው ጠበብ ጠለቅ ያለ ይሁን፣ በሰፊና ስስ ትሪ ላይ ጠርዙ ቀድሞ ይደርቃል። ንጥር ቅቤ ቀቢው። ኦቨኗን 180 ዲግሪ አስቀድመሽ አግያት። በትንንሾቹ ኦቨኖች የላይኛው እሳት ቅርብ ስለሆነ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ነው፤ መሃሉ ገና ትንሽ ሲርገፈገፍ አውጪውና 5 ደቂቃ ይረፍ፣ በራሱ ሙቀት ይጠናል። እንቁላል ከልኩ አልፎ ሲበስል ይኮማተርና ውሃውን ይተፋል፤ ያንቺም ግማሹ ችግር ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ዓርብ ማታ የተረፈውን ምድጃ ላይ አታሳድሪው፤ እንደቀዘቀዘ ፍሪጅ ይግባ። ሑዳዴ ሲገባማ ቅዳሜም ከእንቁላል ስለማያስበላ ይህ ምክር እስከ ፋሲካ ይቀመጥ።

መብራት ከሄደ ደግሞ ወፍራም ድስት ከነክዳኑ ከሰል ላይ ጣጂ፤ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ይኑረው። ፍሙ ክዳኑ ላይ ይብዛ፣ ከታች ይነስ፤ አለበለዚያ ላዩ ሳይጠና ሥሩ ያርርብሻል።